ጥርሳችንን ነክሰን እስከ መቼ? ስለ ቤተሰብ የጥርስና የአፍ ጤና

ከሉዊስ ሴንተር፣ ኦሃዮ

እስከ ዛሬ ብዕሬን ሳነሳ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ እስረኞች ነበር። ዛሬ ግን ስለ ጥርስ ልጽፍ ነው። "ዶክተሩ ምን ነካቸው? አገር እንዲህ በምትታመስበት ሰዓት ስለ ጥርስ ሳሙና ማውራት ምን ይሉታል?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቅር አልሰኝም። የምለምነው እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ኮሎምበስ የማውቀው አንድ ወንድማችን አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰላማዊ ሰልፍ ቀርቶ አያውቅም። ሌሊት መጋዘን ይሠራል፣ ቀን ቀን ለአገሩ ይሯሯጣል። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ሦስት ሳምንት በማስታገሻ ኪኒን አሳለፈው። በአራተኛው ሳምንት አገጩ ሥር አበጠ፤ አፉን መክፈት አቃተው፤ ምራቁን መዋጥ ተሳነው። ባለቤቱ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል አደረሰችው። መግሉ ወደ አንገቱ ወርዶ ኖሮ የአየር ቧንቧውን ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ልጠይቀው ስሄድ መናገር ስለማይችል ወረቀት ተቀብሎ "ጥርሴን ነክሼ ልችለው ነበር" ብሎ ጻፈልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ ሦስት ጥርስ ግን ከፍሏል።

ይህችን "ጥርሴን ነክሼ" የምትል አነጋገር እኛ ስደተኞች እናውቃታለን። እስርን፣ ስደትን፣ ሁለት ሥራን፣ ናፍቆትን የቻልነው ጥርሳችንን ነክሰን ነው። ችግሩ ራሱን ጥርስንም በዚሁ ዘዴ ልንይዘው መሞከራችን ነው። እኔም የተሻልኩ አይደለሁም። በ1998 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ ሁለት መንጋጋ ጎድሎኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ ሁለት ጨመርኩ። ለአገር ቤት ዘመድ የሕክምና ገንዘብ በየወሩ ስልክ፣ ለራሴ ጥርስ ግን መቶ ዶላር ማውጣት ብክነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀምጥ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ይሁንና የጥርስ መበስበስ በመሠረቱ የኬሚስትሪ ጉዳይ ስለሆነ፣ አስተማሪም ከማስተማር ስለማይቦዝን፣ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

1. ሕመሙ የመጨረሻው ደወል ነው

አብዛኞቻችን "ሲያመኝ እሄዳለሁ" እንላለን። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ካደግንበት ነው። በልጅነታችን የጥርስ ሐኪም ማለት ጥርስ ነቃይ ነበር፤ ወደ እሱ የሚኬደውም ጥርስ ለማስነቀል ነው። ሳይታመሙ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሀብታም ቅብጠት ይመስለን ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው፤ ነርቭ የሚባል ግን የለውም። ስለዚህ ሲቦረቦር አይጮህም። ብስባሹ ኢናሜሉን አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገባ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መጠዝጠዝ ይጀምራል። ነርቩ ጋ ሲደርስ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ቀጥሎ አንዳንዴ ሕመሙ በድንገት ይጠፋል። "ተሻለኝ" እንላለን። አልተሻለንም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። መግሉ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ደረጃ በጥቂት ደቂቃ ተሞልቶ የሚያልቀው ጥርስ፣ በመጨረሻው ደረጃ ወይ የሥር ሕክምና ወይ መነቀል ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

በአገራችን የበሰበሰ ጥርስ "ትል በላው" ይባላል። በእምቧይ ፍሬ ጢስ አፍን ማጠንና "ትሉን" ማውጣትም የቆየ ልማድ ነው። ትል የለም። ጥርስን የሚበላው ምን እንደሆነ ለዓለም ካስረዱት ሰዎች አንዱ እዚሁ ኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ በምትባል መንደር በ1853 የተወለደው ዊሎቢ ሚለር ነበር። ሚለር በርሊን ሆኖ ባደረገው ምርምር በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርና ስታርች በልተው አሲድ እንደሚያመርቱ፣ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ አሳየ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የታተመው በ1890 ነው። መሠረተ ሐሳቡ ዛሬም አልፈረሰም።

2. ስኳሩ ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ

ኬሚስትሪውን ባጭሩ ላስረዳ። ጥርሳችን ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ነጭ ሽፋን የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ስኳር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ይሠራል። የአሲድ መለኪያው፣ ፒኤች የምንለው፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ አሲዱን እያጠበ፣ ካልሲየምና ፎስፌት እየመለሰ ጥርሱን ይጠግናል። ምራቅ ሥራውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

እንግዲህ አስቡት። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ጥርሱን አንድ ጊዜ ለአሲድ አጋለጠ። ያንኑ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ታክሲ እየነዳ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፉት የሚል ሰው ግን ምራቁ አንዴም ፋታ አላገኘም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን ለንቃት ብለው የሚጠጡት ለስላሳና የኃይል መጠጥም እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም እነዚህ ከስኳሩ ሌላ ራሳቸው አሲድ ናቸው። ስኳር የሌለው የተባለውም ለስላሳ አሲድነቱ አይቀርም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ጣፋጭ ከተወሰደ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ይወሰድ። በመካከል የሚጠጣው ውሃ ይሁን። ቡናችንንም ያለ ስኳር መልመድ ይቻላል፤ በጨው የሚጠጡ ወገኖች ያሉበት አገር ልጆች ነን!

ሌላው የኛ ነገር ቆሎ ነው። ቆሎ ጤናማ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የተደበቀች አንዲት ጠጠር ወይም ያልፈካች ሽምብራ፣ በተለይ አንድ ጊዜ የተሞላን ጥርስ ልትሰነጥቅ ትችላለች። ጠርሙስ በጥርስ መክፈትማ ከጎበዝ አይቆጠርም።

3. መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ልጆች በእቅፍ ይዘው የሚሸጡትን መፋቂያ የማያስታውስ የለም። ወይራ፣ ክትክታና ሌሎችም ለዚህ ይውላሉ። በምሥራቁ የአገራችን ክፍልና በአረቡ ዓለም ሲዋክ ወይም ምስዋክ የሚባለው አለ። አንዳንድ ሰው መፋቂያን ኋላ ቀር አድርጎ ያያል፤ ሌላው ደግሞ "የፈረንጅ ሳሙና ከንቱ ነው፣ አያቶቻችን በመፋቂያ ጥርሳቸው ወተት ነበር" ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች ሕዝቡ እንዲጠቀምበት በ1986 አበረታቷል። በአግባቡ የሚጠቀምበት ሰው ጥርሱን በደንብ ማጽዳት ይችላል። የአያቶቻችን ጥርስ ያማረው ግን በመፋቂያው ብቻ አልነበረም፤ ስኳር የሚያዩት በዓውደ ዓመት ስለነበረም ነው። እኛ ስኳሩን ጨምረን መፋቂያውን ተውን፤ ብሩሹንም በቅጡ አልያዝን።

መፋቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ እርጥብ ይሁን፤ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይፍታታ። ድድን ሳትጫኑ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ አቅጣጫ ፋቁ። ብዙ ሰው የፊቱን ጥርስ ብቻ አሳምሮ የመንጋጋውን ጀርባና የውስጡን ጎን ይረሳል። ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ደግሞም መፋቂያ የጥርስ ሳሙናው የሚሰጠውን ያህል ፍሎራይድ አይሰጥም። ስለዚህ ቀን በመፋቂያ ብትፍቁ መልካም፤ ከመተኛት በፊት ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይኑር።

ለአቦራረሹ ደንቡ ቀላል ነው፦

- በቀን 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ደቂቃ ያህል። የሌሊቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳልና።
- ለስላሳ ብሩሽ፤ ወደ ድድ ዘንበል አድርጎ በዝግታ ማንቀሳቀስ። መፈግፈግ ድድን ያሸሻል፣ ጥርስን ይሸረሽራል።
- ሳሙናውን መትፋት እንጂ ወዲያው በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ።
- ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ለስላሳ ከወሰዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ መቦረሽ፤ አሲድ ያላላውን ኢናሜል ወዲያው መፋቅ ይጎዳዋልና።
- በጥርስና በጥርስ መካከል በየቀኑ በክር ማጽዳት። ከክትፎና ከጥብስ በኋላ የምንፈልገው ስንጥር ትልቁን ያወጣል፤ ባክቴሪያውን ግን አያነሳም።
- ብሩሹን በየ3 ወሩ መቀየር። አንድ ብሩሽ ለሁለት ሰው አይሆንም።

4. ፍሎራይድ፦ ከወንጂ እስከ ኦሃዮ

ፍሎራይድን በተመለከተ በወገኖቻችን መካከል ብዙ ይወራል። እኔ ነገሩን የማውቀው በሌላ በኩል ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የወንጂ ልጅ ነበር። በጣም ተጫዋች ሰው ነው፤ ሲስቅ ግን ሁልጊዜ በመዳፉ አፉን ይሸፍናል። ጥርሱ ቡናማና የተቦረቦረ ነበር። ሰው ንጽሕና የማይጠብቅ ይመስለው ነበር። እሱ ግን ከሁላችንም በላይ የሚቦርሽ ልጅ ነበር።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ሠራተኛው ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ሰፈረ፤ የሚጠጣውም ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ስለሚቀልጥበት መጠኑ ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆው ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሳቸው በሚሠራበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ ይህን ውሃ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ለዕድሜ ልክ ይበልዛል። ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ደርቆ ወገባቸውና አንገታቸው አልታዘዝ አለ። በወንጂ ሸዋ ይህ የአጥንት በሽታ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ለአገሪቱ ስኳር ያበሉ ሰዎች በጠጡት ውሃ ጎበጡ። ሦስት መንግሥታት ያለፉበት ጉዳይ ነው። ዛሬም በስምጥ ሸለቆው ንጹሕ ውሃ ያላገኙ መንደሮች አሉ። በነገራችን ላይ ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። በዚያ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ።

ታዲያ ፍሎራይድ መርዝ ነው ማለት ነው? መልሱ በመጠኑ ላይ ነው። በአነስተኛ መጠን ኢናሜሉ ውስጥ ገብቶ አሲድን እንዲቋቋም ያደርገዋል። አሜሪካ ይህን አውቃ በ1945 ሚሺጋን ውስጥ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ውሃ ላይ ጨመረችው። በ2015 የተመከረው መጠን በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው፤ ከላይ ካልኩት ጣሪያ በግማሽ ያነሰ። በ2024 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የጥናት ግምገማ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነ መጠን ከሕፃናት የአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። በ2025 ዩታና ፍሎሪዳ በውሃ ላይ መጨመሩን ከልክለዋል። ክርክሩ ቀጥሏል። የኮሎምበስ ከተማ ውሃ ግን ፍሎራይድ ይጨመርበታል። እኛ ዴላዌር ካውንቲ ያለነው የውሃ ድርጅታችን በየዓመቱ የሚያወጣውን የጥራት ሪፖርት ማየት እንችላለን፤ የግል ጉድጓድ ያለው ሰው ያስመርምር። ስለ ጥርስ ሳሙናው ግን ብዥታ አይኑር፦ በልክ ተደርጎ ከተተፋ ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው።

5. ለልጆቻችን

የመጀመሪያው የወተት ጥርስ በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላል፤ በ3 ዓመት ገደማ 20 ይሞላሉ። "የሚወልቅ ጥርስ ስለሆነ ምን ቸገረን" የሚል ወላጅ አለ። ስህተት ነው። የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው፤ ሲበሰብስም እንደ አዋቂው ያማል፣ ይመግላል።

ጥርስ እንደወጣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ባላት ሳሙና ይቦረሽ። ከ3 ዓመት በኋላ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ ብቻውን አሳምሮ የሚቦርሸው 7 ወይም 8 ዓመት ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ እናንተ አግዙት። ጡጦ በወተት ወይም በጁስ ሞልቶ አፉ ውስጥ ትቶ ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን ይፈጃል፤ ከመኝታ በፊት ከሆነ ውሃ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝት 1 ዓመት ሳይሞላው ይሁን። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚወጣው መንጋጋ ቋሚ መሆኑን ብዙ ወላጅ አያውቅም፤ በዚያን ጊዜ ሐኪሙ የመንጋጋውን ስንጥቅ በሽፋን እንዲደፍንላችሁ ጠይቁ። ሕመም የለውም፣ ለዓመታትም ይጠብቃል።

የወለቀችውን የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ መወርወርን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። የልጅ ልጄ የአሜሪካኑን ወግ ተከትላ ጥርሷን ትራስ ሥር ብታስቀምጥ እኔ ግን ጣሪያው ላይ ወረወርኩት፤ ዶላሩንም አልነሳኋት!

ሊቀር የሚገባው ልማድም አለ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው "ግግ ነው" እየተባለ ገና ያልበቀለውን ክራንቻ ከድዱ ፈልቅቆ ማውጣት እስካሁን በአንዳንድ አካባቢ ይሠራል። እዚህም ሆኖ "ልጁን አገር ቤት ስትወስዱት አሳዩት" የሚል ምክር ሰምቻለሁ። ወገኖቼ፣ ትኩሳቱና ተቅማጡ ሌላ ምክንያት አለው። ማውጣቱ ግን ሕፃኑን ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና ለሌላ ተላላፊ በሽታ ያጋልጣል፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በብዙ ነገር ቢተችም አንቀጽ 561 ላይ የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃንን ለሞት መዳረግን በግልጽ ጠቅሶ ያስቀጣል። ይህን ደግፌ እጄን አነሳለሁ።

6. ለአዋቂዎች፦ የድድ ነገር

ከአርባ ዓመት በኋላ ብዙ ሰው ጥርሱን የሚያጣው በድድ በሽታ ጭምር ነው። ምልክቱ ሲቦርሹ መድማት ነው። ብዙ ሰው "ደማኝ" ብሎ መቦረሹን ይተዋል፤ በተቃራኒው በጥንቃቄ ይበልጥ ማጽዳት ነው የሚያስፈልገው። የጠጠረውን ቆሻሻ ግን ብሩሽ አያነሳውም፤ ባለሙያ ማጠብ አለበት። "ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚባለው እውነት አይደለም። የተነቃነቀው በድዱ በሽታ ነው፤ ጠጠሩ ሲነሳ መነቃነቁ ታወቀ እንጂ።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የድድ በሽታ ይበረታበታል፤ የድድ በሽታውም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር እናቶች ድዳቸው ቶሎ ይደማል፤ በእርግዝና ጊዜ ጥርስን መታከም ክልክል ነው የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ለሐኪሙ መናገር ብቻ ነው። ትምባሆ ድድን ይገድላል። በጫት የተወጠረ ጉንጭና ከጫት ጋር የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳም ይጎዳል። በአፍ ውስጥ 2 ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካለ ለካንሰር ምርመራ ሳይዘገይ ይታይ።

እናቶቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜኑ አገራችን ሴት ልጅ ለውበት ድዷን ትነቀስ ነበር። እዚህ ያለ ሐኪም ይህን ካላወቀ የጠቆረ ድድ አይቶ ሊደነግጥ ይችላል። ቀደም ብላችሁ "ንቅሳት ነው" በሉት።

7. ለአረጋውያን ወላጆቻችን

ከአገር ቤት ያመጣናቸው እናትና አባቶቻችን "እኔ ምን ጥርስ አለኝ ልጄ" ይሉናል። የቀረችው ጥርስ ግን ዋጋዋ የበለጠ ነው። የደም ግፊትና ሌሎች መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፤ ምራቅ ሲቀንስ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ፉት ይበሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ሌሊት አውልቀው፣ በብሩሽ አጥበው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ጥርስ የሌለውም ሰው አፉን በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምር። እንጀራ በወጥ ማኘክ የማይችል ሽማግሌ ከገበታው ይርቃል፤ ከገበታ የራቀም ከጨዋታው ይርቃል። ነገሩ የጥርስ ብቻ አይደለም።

8. ድንገተኛ ሲያጋጥም

የልጅ ቋሚ ጥርስ በኳስ ወይም በመውደቅ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ፦ ጥርሱን ከላይ በኩል ያዙ፣ ሥሩን አትንኩ፤ ቆሻሻ ካለው በውሃ ለቅለቅ አድርጉ እንጂ አትፈግፍጉ። ከተቻለ ወዲያው ወደ ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከትታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ድረሱ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ አያድንም። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ከአገር ቤት በሻንጣ በመጣ አንቲባዮቲክ ራስን ማከምም አደጋ ነው።

የፊት ወይም የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ አለመከፈት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከታየ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቀጠሮ መጠበቅ የለም። አጋነነ እንዳትሉኝ። በ2007 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከበሰበሰ ጥርሱ የተነሳው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። ጥርሱን መንቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ እንደነበር፣ እሱን ለማትረፍ የተደረገው ሕክምና ግን ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደፈጀ ተዘግቧል። በ2011 እዚሁ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ፣ ኢንሹራንስ ያልነበረው የ24 ዓመት አባት ሁለት መድኃኒት ታዞለት የማስታገሻውን ብቻ ገዛ፤ ለአንቲባዮቲኩ ገንዘብ አልበቃውም። እሱም በዚያው ሞተ። በዓለም ሀብታም አገር!

9. "ገንዘቡስ?" ለምትሉኝ

እውነት ነው፣ ውድ ነው። መንገዶች ግን አሉ። በሜዲኬይድ የታቀፉ ልጆች የጥርስ ሕክምና በፌዴራል ሕግ መብታቸው ነው። የኦሃዮ ሜዲኬይድ ለአዋቂዎችም የጥርስ አገልግሎት ይሸፍናል፤ ብቁ መሆናችሁን ጠይቁ። መደበኛው ሜዲኬር ግን የተለመደውን የጥርስ ሕክምና ስለማይሸፍን ለወላጆቻችሁ ተጨማሪ ዕቅድ ስትመርጡ የጥርሱን ክፍል አንብቡ።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ከግል ክሊኒክ ባነሰ ዋጋ ያክማሉ። ጊዜ ይፈጃል፤ ሥራው ግን ደረጃ በደረጃ ስለሚታይ ጥንቃቄው ብዙ ነው። ከሉዊስ ሴንተር በሀይዌይ 23 ወደ ደቡብ ብትነዱ ሩቅ አይደለም። ኮሎምበስ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ጥርስ ማጠብ የሚማሩ ተማሪዎች የሚያገለግሉበት ክሊኒክ አለው። ፕራይመሪ ዋን ሄልዝን የመሳሰሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት እንደ ገቢ መጠን ያስከፍላሉ። ለሕፃናት ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል የጥርስ ክሊኒክ አለ። በሌላ ግዛት ያላችሁም በአቅራቢያችሁ የጥርስ ትምህርት ቤትና የማኅበረሰብ ጤና ማዕከል ፈልጉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ሐኪሙ ብዙ ሥራ ዘርዝሮ ብዙ ሺህ ዶላር ቢላችሁ አትሸሹ፤ "የትኛው ይቅደም? የትኛው መቆየት ይችላል?" በሉት። ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅም ነውር አይደለም።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ እኛ በአፋችን የምንታገል ሰዎች ነን። በስብሰባ፣ በሬዲዮ፣ በስልክ ጉባኤ ስለ አገራችን ስንናገር ዓመታት አለፉ። የምንናገርበትን አፍ ግን ረሳነው። ያ ወንድማችን ዛሬ ድኖ ወደ ሰልፉ ተመልሷል፤ በቀኝ በኩል ባያኝክበትም መፈክሩን ያሰማል። እኔም ባለፈው ዓመት ምንም ሳያመኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ሁለት ጅምር ብስባሽ አግኝታ በአንድ ከሰዓት ሞላቻቸው። ስወጣ የወንጂው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። እሱ የተበላሸ ውሃ የጠጣው ምርጫ ስላልነበረው ነው። እኛ ግን ምርጫ አለን።

እንግዲህ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፦ ሳያማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ለራሳችሁ፣ ለባለቤታችሁ፣ ለልጆቻችሁ፣ ለእማማና ለአባባ። ጥርሳችንን መንከስ ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ትግል ያስፈልገናል። የሚነከስ ጥርስ ግን ይኑረን።

ቸር ይግጠመን።